ኤሊው ከአልጋ ሥር ያወጣው

ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከውን ካርቶን ስከፍት የጠረጠርኩት ዕቃውን ሳይሆን ወንድሜን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መጥቶ እናቱን ያላየ ሰው ድንገት ተነሥቶ ወለል የሚጠርግ ሮቦት ሲልክ ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ዕቃው ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ስፋቱ ከትልቅ ድስት ክዳን አይበልጥም። አናቱ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ጉብታዋ ውስጥ ደግሞ ዓይን አለ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና፣ «ልጄ ኤሊ ላከልኝ?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ኤሊው ሆነ።

ካርቶኑን ያደረሰልን የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ለመሳለም ላሊበላ ሲመጣ በዚያው ያዘልን። ቻርጀሩን ግድግዳው ሥር ሰካ፣ ማሽኑን ላዩ ላይ አስቀመጠ፣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ሲወጣ፣ «በቃ እትዬ፣ ከእንግዲህ መጥረጊያ አይንኩ» አለኝ። ለደግ ብሎ ነው፤ እኔን ግን አንጀቴን አሳረረኝ።

ያሳረረኝ ያለምክንያት አይደለም። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት እዚሁ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ክፍል ሳጸዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጥረግ ለእኔ ሥራ ብቻ ሳይሆን ሰውን የማውቅበት መንገድ ነበር። ሰው ፊቱን ያሳምራል፣ ሻንጣውን ይቆልፋል፤ የአልጋውን ሥር ግን ይረሳዋል። ጾመኛ ነኝ ብሎ ወጥ ቤቱን ሲያስጨንቅ የሰነበተ ሰውዬ አልጋ ሥር የአይብ መጠቅለያ አግኝቻለሁ። አዲስ ተጋቢዎች ነን ያሉ ሰዎች ትራስና ብርድ ልብስ ወለል ላይ ጥለው አይቻለሁ። እየዋለ ሲያድር ፊቱን አይቼ የማምነው ሰው ጠፋ። በኋላ እንግዳው ሲቀንስ ሆቴሉ አሰናበተን፤ እኔም ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ሥራው ቀረ፣ ጥርጣሬው ግን አብሮኝ ገባ።

ስለዚህ ማሽኑን መጀመሪያ ዓይን ዓይኑን ነበር የማየው። ጠዋት ይነሣል፣ ሊሾውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፣ ግድግዳ ሲነካ ይመለሳል፣ ከሳጥን ሥር ገብቶ ይቆያል። ምን ያደርጋል እዚያ? በእንግሊዝኛ አንዲት ሴት ውስጡ ሆና አልፎ አልፎ አንድ ነገር ትናገራለች። እናቴ መልስ አትሰጣትም፣ ነገር ግን በተናገረች ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «የእማዬን አልጋ ምነው ከመስኮቱ አራቃችሁት?» አለኝ።

አልጋውን ያራቅነው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ብርድ ገባባት ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ካርታው ነዋ። ማሽኑ ቤቱን ሲዞር ካርታ ይሠራል፤ ስልኬ ላይ ይመጣልኛል።»

«እና አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ የእኛን ጓዳ ታያለህ?»

«ኧረ ፎቶ አይደለም! መስመር መስመር ብቻ ነው» እያለ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘግቼ የቁስል ፕላስተር ፈለግኩና የማሽኑን ዓይን አሸግኩበት። ከዚያ ስናስነሣው ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሆነ፤ ከወንበር ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ አልጋ እግር እየተላተመ ቤቱን አናወጠው። እናቴ አዘነችለት። «ምን በደለሽ? ምስኪን ዓይኑን አሳወርሽው እኮ» አለችኝ። ፕላስተሩን አነሣሁ፤ ወንድሜም እንደፈለገ ይይ ብዬ ተውኩት።

ከማሽኑ ጋር ያስታረቀኝ ጽዳቱ ነው። ሲጠርግ የሚውል ነገር ራሱም ይቆሽሻልና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የበሩ ደፍ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ እገለብጠዋለሁ። የአቧራ ሳጥኑን ስቤ አወጣለሁ። ፊልትሮውን ድንጋይ ላይ ቀስ እያደረግኩ አራግፋለሁ፤ ከታጠበ ደግሞ ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ ቤቱን ያሸተዋል። ሆዱ ላይ ያለችውን ተሽከርካሪ ብሩሽ አውልቄ የተጠመጠመባትን ፀጉርና ክር በስፌት መቀስ እቆርጣለሁ። የፊት ጎማዋ ሥር የተወተፈውን በክብሪት እንጨት፣ የዳሩን ብሩሽ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ዓይኑን በለስላሳ ጨርቅ። የእኛ አገር አቧራ እንደ ዱቄት ነው፤ ያ ቀይ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው የሚገባው። አንድ ሳምንት ከተውኩት ኤሊው ማቃሰት ይጀምራል።

ሳጥኑን ስከፍት የድሮ ሥራዬ ተመለሰልኝ። የእናቴ ሽበት፣ የእኔ ጥቁር ፀጉር፣ የጧፍ ፍርፋሪ፣ የነጠላ ጥለት ክር፣ የጠፋ መርፌ። ይህ ዕቃ ወገኔ ነው አልኩ፤ እሱም እንደ እኔ የአልጋ ሥር ነው የሚያየው።

አንድ ቅዳሜ ግን ከአቧራው መሐል አንዲት ነጭ ነገር ወጣች። የአዝራር ስባሪ መሰለችኝ። በአንድ በኩል ክብ፣ በአንድ በኩል ቀጥ ያለች። ጠርጌ በምላሴ ነካ አደረግኳት፤ መረረችኝ። የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ግማሽ ነበረች።

አንድ ቀን አምልጧት ይሆናል ብዬ ኪሴ ከተትኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ግማሽና የሌላ ግማሽ ፍርፋሪ ወጣ። በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፤ ነርሷ ክንዷን አስራ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷም ጠቆረ። «የእማማ ግፊት አልወርድ ብሏል። መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?»

«በእጄ ነው የምሰጣት» አልኩ ተቆጥቼ።

«እንዲህ ከቆየ አንድ ቀን ይጥላቸዋል። እወቁት።»

እኛ ቤት ይህን ንግግር ማብራራት አያስፈልግም። አባቴን የገደለው ይኸው በሽታ ነው። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ከወልድያ የሚመጣው መድኃኒት ቀረ፤ ከተማው ውስጥ ያለው አለቀ፤ እሱም የመጨረሻዋን ኪኒን በዋጠ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሊወጣ ሲል ከደፉ ላይ ወደቀ። ኤሊውን የማጸዳው እዚያው ደፍ ላይ ነው። እናቴን ደግሜ ከዚያ ላይ ማንሣት አልፈልግም ነበር።

ኪኒኑን ጠዋት የምሰጣት እውነትም በእጄ ነው። መዳፏ ላይ አደርግላታለሁ፣ የውሃ ብርጭቆ አቀብላታለሁ። እሷ ግን ሳትጸልይ አትውጥም። ፊቷን ግድግዳው ላይ ወዳለችው ወደ ማርያም ሥዕል ታዞራለች፣ ታማትባለች፣ አባታችን ሆይን ትጀምራለች። የምትጸልይ እናት ላይ ቆሞ ማፍጠጥ ነውር ስለሆነብኝ ትቻት እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ላይ የማይተኛው ዓይኔ እሷ ላይ ብቻ ነበር የሚተኛው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጾሙን ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ኪኒኑ ጾሜን ይገድፍብኛል ብላ እየጣለችው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ እምነቱን ጠረጠርኩ። እናቴ የገነተ ማርያም ልጅ ናት፤ እምነት የምንለውን የተባረከ ትቢያ ከዚያ ታስመጣና በጨርቅ ቋጥራ ትራሷ ሥር ታኖረዋለች። ጠዋት ጠዋት ግንባሯንና ጉልበቷን ትቀባበታለች። ምናልባት በኪኒኑ ተስፋ ቆርጣ በእሱ ብቻ ልትኖር ወስና ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ብጠይቃት አታምንልኝም፤ ስለዚህ አድፍጬ ማየት ጀመርኩ።

እሷም የነቃችብኝ መሰለኝ። አንድ ቀን አልጋዋ ፊት ዱካ መቀመጫ ደቅና ኤሊውን ዘግታበት አገኘኋት።

«ምነው እማ?»

«አልፈልገውም። እምነቱን እየላሰብኝ ነው» አለች።

ይህን ስትል ክው አልኩ። ስትቀባ የሚረግፈው ሁሉ ወለል ላይ ነው የሚቀረው፤ እውነትም ኤሊው በልቶታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ሳጥኑን ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ስደፋ ኖሬያለሁ! የተባረከ ነገር ከልጣጭና ከአመድ ጋር! እናቴን የማጠምደው እኔ፣ የገባሁበትን ጉድ ሳየው ላብ አጠመቀኝ።

የነፍስ አባታችን በዚያው ሳምንት ሊጠይቁን መጡ። ኤሊው ከቻርጀሩ ላይ ተኝቷል፤ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይኸ ነገር ምን እየበላ ይኖራል?» አሉኝ።

«መብራት ነው አባቴ።»

«እንግዲያው ሰሞኑን ከእኛ በላይ ጦሟል» አሉ፤ እናቴም ሳቀች።

ስለ ትቢያው ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ተዉ። ያለፈው ባለማወቅ ነው፣ ንስሐ ግቢበት፤ ከእንግዲህ ግን እግር ከማይረግጠው ቦታ፣ ከጓሮው ወይራ ሥር አፍሺው አሉኝ። በዚያው ሌላውን ጥያቄዬን አመጣሁ። እናቴ እየሰማች፣ «አባቴ፣ በጾም ኪኒን መዋጥ ይገድፋል?» አልኩ።

«አይገድፍም። ይልቅ እያለ መተው ነው ኃጢአቱ» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «እርስዎ ይወስዳሉ አይደል?»

እናቴ መስቀላቸውን ተሳለመች። ግንባሯን ከመስቀሉ ሳታነሣ፣ «ይኸው በመስቀሉ ፊት አባቴ፣ ያልዋጥኩበት አንድ ቀን የለም» አለች።

እኔ ኪሴ ውስጥ ግማሿን ኪኒን በጣቴ እያሸሁ ነበር። እናቴ በመስቀል ፊት ስትዋሽ ሰማሁ ብዬ አመንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ውሸት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ የሰው አልጋ ሥር ሁሉ ቢቆሽሽ የእሷ ንጹሕ ነው የምል ሰው ነበርኩ። ያን ሳምንት ምግብ አልጣመኝም። ፊቷን ማየት አስጠላኝ፤ አስጠላኝ ስል እውነቴን ነው። ስትጠራኝ አቤት የምላት በጥርሴ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዱካውን ከአልጋዋ ፊት አነሣሁና መብራቱ ተመልሶ ስለነበር ኤሊውን አስነሥቼ ቀጥታ ከአልጋዋ ሥር ሰደድኩት። ጥቂት እንደቆየ ድምፁ ተለወጠ። አቃሰተ፣ ተንቆራጠጠ፣ ቀይ መብራት አበራና ቆመ። ያቺ ሴት ውስጡ ሆና በእንግሊዝኛ ተናገረች። በሆዴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ስስበው አልመጣም፤ አንድ ነገር ይዞታል። የያዘው ከአልጋው ርብራብ ላይ የታሰረ የነጠላ ቅዳጅ ነው፤ ውስጡ አንድ ነገር ተቋጥሯል። ጫፉ ወርዶ ኖሮ ብሩሹ ጠቅልሎታል። ማሰሪያውን ከርብራቡ ፈትቼ ሁለቱንም አብሬ ይዤ ወጣሁ።

ደፉ ላይ ተቀምጬ ኤሊውን ገለበጥኩ። ክሩን በመቀሱ እየቆረጥኩ ጨርቁን ከብሩሹ ላይ አላቀቅኩ። መጨረሻው ሲለቅ ቋጠሮው ተፈታና ጋዜጣው ላይ ተዘረገፈ። ግማሽ ኪኒኖች ናቸው፤ እንደ ነጭ ክክ። አንዳንዱ ጫፉ ተፈርፍሯል፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ከዚያ እየሾለከ ነው። በጣቴ በተንኳቸው። ሙሉ አንድም የለም። ሁሉም መሐላቸው ላይ ባለችው መስመር የተሰበሩ ናቸው። ቀስ ብሎ ገባኝ፤ ሌላው ግማሽ ሆዷ ውስጥ ነው። በየቀኑ ውጣለች። በመስቀሉ ፊት የተናገረችው እውነቷን ነበር።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን እንዳደገደገች።

«ይኸ ኤሊ ነገረሽ አይደል?» አለች። አልተቆጣችም። እየተደገፈች ከጎኔ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ለምንድን ነው እማ? ግፊትሽ እኮ ልገድልሽ ነው እያለ ነው!»

«አባትሽ የወደቀ ለት እቤት ውስጥ ስንት ኪኒን ነበረ?»

«ምንም።»

«እህ። ታዲያ መንገዱ ዳግመኛ አይዘጋም ያለሽ ማን ነው? ምሎልሻል?»

«እና ለነገ ብለሽ ዛሬ ልትሞች? ለራስሽ እያስቀመጥሽ ራስሽን…»

«ለራሴ ነው ማን አለሽ?»

ተነሣች። ወደ እኔ ክፍል ስትገባ፣ የቁም ሳጥኔ በር ሲንቋረር ሰማሁ። ስትመለስ እጇ ላይ አንድ የኪኒን ልጣፍ አለ፤ ሦስት ቦታ ብቻ የተቀደደ። አወቅኩት። ባለፈው ዓመት ያችው ነርስ የእኔንም ለክታ፣ አንቺም ግፊት ጀምሮሻል፣ ይኸንኑ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ትወስጃለሽ ብላኝ ነበር። አላመንኳትም። መለኪያው ያረጀ ነው፣ ነርሷ ችኩል ናት፣ እኔም ዳገቱን በሩጫ ወጥቼ ነው አልኩ። ሦስት ቀን ዋጥኩና ተውኩት። ለማንም ሳልናገር አንሶላ ሥር ደበቅኩት፤ የማዘዣ ወረቀቱንም ይዤ ዳግመኛ አልሄድኩም።

«የት አገኘሽው?» አልኩ።

«የአልጋ ሥርና የአንሶላ ሥር የምታይው አንች ብቻ መሰለሽ?» አለች። ልጣፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «አንች ሰው አታምኝም ልጄ። ነርስ አታምኝ፣ ወንድምሽን አታምኝ፣ ይኸን ኤሊ እንኳ ዓይኑን አሸግሽበት። ልለምንሽ ብልም አታምኝኝም። አንድ ቀን ራስሽ ሲፈነዳ ታምኛለሽ። ያን ለት መንገዱ ተዘግቶ ቢሆንስ? እኔ ኑሬዋለሁ፤ ግማሹ ይበቃኛል። ያንችን እያስቀመጥኩልሽ ነው።»

አፈርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ከሰው አልጋ ሥር ጉድ ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ጉድ እናቴ እጅ ላይ ሲታይ የምገባበት አጣሁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩትን ጨምሬ። እሷ ጋዜጣው ላይ የተበተኑትን እየለቀመች መልሳ ልትቋጥር ጀመረች። እጇን ያዝኩ። «ሙሉውን ትውጫለሽ?» አልኳት። «አንች ከዋጥሽ» አለች።

ግማሾቹን ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ አየቻቸውና ተሰብሮ እርጥበት ያገኘው አይሆንም፣ እኔ አስወግደዋለሁ አለች። እናቴ ስታስረክብ ፊቷን አዞረች፤ አንጀቷ አልቻለም። ነርሷ በዚያው የእኔንም ክንድ አስራ ለካች። ዳገቱን ቀስ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ መለኪያውም አዲስ ነው። ግፊቴ ካለፈው ዓመት ብሶ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውሃ እቀዳለሁ። እናቴ ወደ ሥዕሏ ዞራ ትጸልያለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመለስና ሙሉዋን ኪኒን እያየኋት ትውጣለች። ግፊቷ ወርዷል። ተራው የእኔ ሲሆን ግን አትጸልይም፤ ትክ ብላ ነው የምታየኝ።

«ክፈች» ትለኛለች። አፌን እከፍታለሁ።

«ምላስሽን አንሺ።» አነሣለሁ።

ያም አይበቃትም። ጎንበስ ብላ ኤሊውን ታስነሣውና በእግሯ እየመራች ከእኔ አልጋ ሥር ትሰደዋለች። ቅዳሜ ደፉ ላይ ጋዜጣውን የምትዘረጋው፣ ሳጥኑን ከፍታ በክብሪት እንጨት እየበተነች አንድ በአንድ የምታየው እሷ ናት። አቧራውን ወይራው ሥር የማፈሰው እኔ ነኝ፣ ያውም እሷ አይታ ስትጨርስ።